ከመዝገብ እስከ እብነ በረድ፦ ስለ ተረሱት ጥቁር አሜሪካውያን ሴት ከያንያንና የምርጫ መብት ታጋዮች

የኪነ ጥበብ ታሪክ በአብዛኛው የሚጻፈው ከሥራቸው ጋር ስማቸውም ለቆየላቸው ከያንያን ነው። ስሙ የጠፋበት ከያኒ ሥራው በአንድ ሙዚየም ምድር ቤት ወይም በአንድ ባለጸጋ ጓሮ ቢገኝ እንኳ «የማን እንደ ሆነ አልታወቀም» ተብሎ ይመዘገባል፤ ሐያሲም አይቶ እንዳላየ ያልፈዋል። ካለፈው ግማሽ ምዕተ ዓመት ወዲህ በአሜሪካ አንድ የተለየ ሥራ ሲሠራ ቆይቷል። በአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመትና በሃያኛው መባቻ የኖሩ ጥቁር አሜሪካውያን ሴት ቀራፅያን፣ የጨርቅ ጥበበኞች፣ ጸሐፊዎችና የምርጫ መብት ታጋዮች አንድ በአንድ ከመረሳት እየተመለሱ ነው። የሚያስገርመው፣ መላሾቹ በአብዛኛው እኛ ሐያስያን አለመሆናችን ነው። የሕዝብ ቆጠራ ቅጽ የሚያገላብጡ፣ የኑዛዜ ወረቀት የሚያነቡ፣ ሣር የዋጠውን የመቃብር ድንጋይ የሚፍቁ የትውልድ ሐረግ መርማሪዎች ናቸው። የእነርሱ ድካም ለሥነ ጥበብ ሒስ ምን አስገኘ? ምንስ ሊያስገኝ አይችልም? ይህ ጽሑፍ ጥያቄውን በአራት ሴቶች ሕይወትና ሥራ አማካይነት ለመመርመር ይሞክራል። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በእኛ አገር ዘር መቁጠር ሲባል ወደ ብዙዎቻችን አእምሮ ቀድሞ የሚመጣው የርስት ሙግትና የመኳንንት ትምክህት ነው። አያት ቅድመ አያቱን እስከ ሰባት ትውልድ የሚደረድር ሰው ብዙውን ጊዜ ከድርድሩ በስተጀርባ የሚፈልገው መሬት ወይም ማዕረግ ነበረው። በባርነት ተይዞ የኖረ ሕዝብ ልጅ ዘሯን ስትቆጥር ግን ነገሩ ይገለበጣል። የምትሟገትበት ርስት የላትም፤ የምትፈልገው ስም ነው። ስሙም የጠፋው በዝንጋታ አይደለም። በ1850 እና በ1860 የተካሄዱት የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራዎች በባርነት የተያዙትን ሰዎች ለብቻው በተዘጋጀ ቅጽ መዘገቧቸው። በቅጹ ላይ የጌታው ስም ተሟልቶ ይጻፋል፤ ከሥሩ ዕድሜ፣ ጾታና የቆዳ ቀለም ይደረደራል። የሰዎቹ ስም ከጥቂት ቦታዎች በስተቀር አይጻፍም። አንዲት ወጣት ሴት በዚያ ወረቀት ላይ «20፣ ሴት፣ ጥቁር» ናት፤ በቃ። ከዚያ ወረቀት ላይ እናቱን ለይቶ ለማውጣት የሚሞክር የልጅ ልጅ ያለበትን መከራ አንባቢ ይገምተው።

ከባርነት የወጡት ሰዎች አብዛኞቹ በስማቸው የተቆጠሩት ለመጀመሪያ ጊዜ በ1870 ነው። የሐረግ መርማሪዎች ይህን ዓመት እንደ ግንብ ይቆጥሩታል። ከግንቡ ወዲህ ያለውም መንገድ ሜዳ አይደለም። የ1890 ቆጠራ ሰነዶች በጃንዋሪ 1921 ዋሽንግተን ውስጥ በተነሣ ቃጠሎ ሰበብ ከሞላ ጎደል ጠፍተዋል። ሴት ደግሞ ባገባች ጊዜ የአባቷን ስም ጥላ የባሏን ትይዛለችና በየአሥር ዓመቱ በሚመጣው ቆጣሪ ፊት ሌላ ሰው ሆና ትቆማለች። ከዚህ ሁሉ የተረፈው ነገር አንዳንዴ ምጸት አለበት። በ1865 ነጻ ለወጡ ሰዎች የተቋቋመ አንድ የቁጠባ ባንክ ነበር፤ ገንዘብ የሚያስቀምጡትን ሲመዘግብ የእናት፣ የአባት፣ የወንድምና የእህት፣ አልፎ አልፎም የቀድሞ ጌታ ስም ይጠይቅ ነበር። ባንኩ በ1874 ከስሮ ተዘጋ፤ የብዙ ድሆች ጥሪትም አብሮ ቀለጠ። መዝገቡ ግን ተረፈ። ዛሬ የልጅ ልጆቻቸው ከዚያ ባንክ የሚያወጡት ብቸኛ ሀብት የአያቶቻቸውን ስም ነው።

ይህን ፍለጋ የሕዝብ እንቅስቃሴ ያደረገው፣ እንደሚታወቀው፣ አሌክስ ሄሊ በ1976 ያሳተመው «ሩትስ» ነው። በተከታዩ ዓመት መጽሐፉ በቴሌቪዥን ታየ፤ በዚያው በ1977 የአፍሮ አሜሪካውያን የታሪክና የትውልድ ሐረግ ማኅበር በዋሽንግተን ተመሠረተ። ይሁን እንጂ ሄሊ ከሃሮልድ ኮርላንደር ልቦለድ ወስደሃል ተብሎ ተከስሶ በ1978 ክሱን በስምምነት ጨረሰ። ከጥቂት ዓመታት በኋላም የሐረግ ሊቃውንት የቤተሰቡን ታሪክ ከሰነድ ጋር አስተያይተው ብዙ ግድፈት አወጡበት። መጽሐፉ የቀሰቀሰው ፍላጎት ከግድፈቶቹ የረዘመ ዕድሜ አለው። ቢሆንም አባቱን የሚፈልግ ሰው ልቡ ቸኩሎ እንደሚያምን ከዚህ እንረዳለን። ሰነድ ያልደገፈው ሐረግ ድርሰት ነው። ድርሰት ደግሞ ነውር የለበትም፤ ድርሰት መሆኑ እስከ ተነገረ ድረስ።

ከአራቱ ሴቶች ብዙ የተጻፈላትም የተጻፈባትም ቀራፂዋ ኤድሞኒያ ሉዊስ ናት። በ1865 የጉዞ ፈቃድ ለማውጣት ባቀረበችው ማመልከቻ የልደት ቀኗን ጁላይ 4 ቀን 1844 ብላለች። ጁላይ 4 የአሜሪካ የነጻነት በዓል ነው፤ ቀኑን ራሷ መርጣው ከሆነ ከሥራዎቿ እንደ አንዱ ሊቆጠርላት ይገባል። በኒው ዮርክ ግዛት በግሪንቡሽ አካባቢ ተወለደች፤ እናቷ ከኦጂብዌ ሕንዶች ወገን ነበረች፣ አባቷ ጥቁር። በ1859 ኦበርሊን ኮሌጅ ገባች። በ1862 ሁለት ነጭ የትምህርት ጓደኞቿን መርዘሻል ተብላ ተከሰሰች፤ ፍርድ ሳይሰጥ ያልታወቁ ሰዎች ይዘው ደብድበው በብርድ ሜዳ ላይ ጣሏት። ጥቁሩ ጠበቃ ጆን መርሰር ላንግስተን ተከራክሮላት ክሱ ውድቅ ሆነ። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ በስርቆት ተጠረጠረች፤ ትምህርቷንም ሳትጨርስ ወጣች። ኮሌጁ ዲፕሎማዋን የሰጣት በ2022 ነው። ያን ጊዜ ከሞተች 115 ዓመት ሆኗት ነበር።

ቦስተን ሄዳ የባርነት ተቃዋሚዎችን ምስል በጀሶ እያወጣች መሸጥ ጀመረች። ጥቁር ወታደሮችን ሲመራ በ1863 የወደቀውን የኮሎኔል ሮበርት ጉልድ ሾውን ምስል ቅጂዎች ሸጣ ባገኘችው ገንዘብ አውሮፓ ተሻገረች፤ በ1866 ሮም ውስጥ የሥራ ቦታ ከፈተች። በዚያ ዘመን ሮም የከተሙት አሜሪካውያን ቀራፅያን ሞዴሉን በጭቃ ሠርተው የእብነ በረዱን ልፋት ለጣሊያን ጠራቢዎች መስጠት ልማዳቸው ነበር። ሉዊስ ግን «ሥራው የእርሷ አይደለም» እንዳይባልባት ብዙውን በገዛ እጇ ጠረበች። የጥቁር ሴት እጅ ራሱ ማስረጃ እንዲያቀርብ ይጠየቅ ነበር ማለት ነው።

በ1867 የጨረሰችው «ለዘላለም ነጻ» የተሰኘው ሥራ ዛሬ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ይገኛል። ወንዱ ቆሟል፤ የተበጠሰ ሰንሰለት የተንጠለጠለበትን ክንዱን ወደ ላይ አንሥቷል። ሴቲቱ በአጠገቡ ተንበርክካለች። ሴት ቀራፂ ነጻ የወጣችዋን ሴት ለምን አንበረከከቻት? የሚለው ጥያቄ ብዙ አከራክሯል። የመድረክ ሰው ሆኜ ሳየው መልሱ በአቀማመጣቸው ያለ ይመስለኛል። በዘመኑ በሰፊው የታወቀው ምስል ባሪያው በነጻ አውጪው ጌታ እግር ሥር የሚንበረከክበት ነበር። ሉዊስ ጌታውን ከመድረኩ አስወጣችው። ሴቲቱ የምትጸልየው ወደ ላይ ነው፤ በፊቷ የሚቆም ነጭ የለም። ይህ የንባብ ሥራ ነው፤ ማንኛውም የልደት መዝገብ አይሰጠንም። መዝገብ የሚሰጠን ሌላ ነገር ነው።

«የክሊዮፓትራ ሞት» በ1876 በፊላዴልፊያ የመቶኛ ዓመት ኤግዚቢሽን ቀረበ። ከ1,300 ኪሎ በላይ የሚመዝን እብነ በረድ ነው። ዊልያም ዌትሞር ስቶሪን የመሰሉ የዘመኑ ስመ ጥር ቀራፅያን ክሊዮፓትራን የሠሯት በሕይወት ሳለች፣ ሞቷን በሐሳብ ስታወጣ ስታወርድ ነው፤ ተመልካችም በውበቷ እየተደሰተ እንዲያዝንላት። የሉዊስ ንግሥት ግን አበቃላት። ራሷ ወደ ኋላ ወድቋል፤ ግራ እጇ ከዙፋኑ ጎን ተንጠልጥሏል፤ እባቡ አሁንም በቀኝ እጇ ነው። ሞት አላሳመራትም። የዘመኑ ሰዎች በሥራው ኃይል ተደነቁ፤ አንዳንዶቹ ዘገነናቸው። ገዢ ግን አልመጣም።

ከዚህ በኋላ ያለውን ታሪክ ተውኔት አድርጌ ብጽፈው ተመልካቾች «በዛ» ይሉኝ ነበር። ሐውልቷ በ1878 ቺካጎ ታየች፤ ቀራፂዋ ወደ ሮም ስትመለስ ትታት ሄደች። ቆይታ በአንድ መጠጥ ቤት ውስጥ ተገኘች። ከመጠጥ ቤቱ ጆን ኮንዶን የተባለ ቁማርተኛ ገዛት፤ ክሊዮፓትራ የምትባል የእሽቅድምድም ፈረስ ነበረችውና ከፈረሷ መቃብር ላይ አቆማት። ሐውልቷ ከዚያ እንዳትነሣም በመሬቱ ውል አስጻፈ። የፈረስ ሜዳው የጎልፍ ሜዳ ሆነ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ሆነ፤ በመጨረሻም የፖስታ ማከፋፈያ ሊሠራበት ሐውልቷ ተነሥታ በሲሴሮ ከተማ በአንድ ተቋራጭ የዕቃ ግቢ ተጣለች። አንድ የእሳት አደጋ መርማሪ ለፍተሻ ገብቶ አያት። የቦይ ስካውት ልጆች በቅንነት ቀለም ቀቧት። ከዚያም የፎረስት ፓርክ የታሪክ ማኅበር ተረከባት፤ ተመራማሪዋ ማሪሊን ሪቻርድሰንም ሥራው የማን እንደ ሆነ አውቀው ዱካውን ተከትለው ደረሱበት። በ1994 የስሚዝሶኒያን የአሜሪካ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ንብረት ሆነች።

ሐውልቷ ተገኘች፤ ሠሪዋስ? ለረጅም ጊዜ መጻሕፍት የሚደመድሙት «ከዚያ በኋላ የት እንደ ደረሰች አይታወቅም» እያሉ ነበር። ሮም ሞተች ያለም፣ 1909 ያለም፣ 1911 ያለም ነበር። ያንኑ ፍለጋ የቀጠሉት ሪቻርድሰን ከእንግሊዝ ቤተ መዛግብት የሞት ምስክር ወረቀቷንና ኑዛዜዋን አወጡ። ሴፕቴምበር 17 ቀን 1907 በለንደን ሃመርስሚዝ ሆስፒታል በኩላሊት በሽታ አርፋለች፤ የተቀበረችው በኬንሳል ግሪን የካቶሊኮች መቃብር ነው። በ2017 የትውልድ አካባቢዋ የኢስት ግሪንቡሽ ከተማ የታሪክ ጸሐፊ ገንዘብ አሰባስበው መቃብሯ ስሟ የተቀረጸበት ድንጋይ እንዲለብስ አደረጉ።

እንግዲህ ሁለት ወረቀቶች ምን ለወጡ? አንድ የቆየ ተረት አፈረሱ። «ጠፋች» የሚለው ቃል ለሐያሲ ምቹ ነበር፤ ከያኒዋን የምትተን ነፍስ፣ ሥራዋንም የአንዲት ያልታደለች ድንገተኛ ብልጭታ ያደርግለታል። ወረቀቱ የሚያሳየን ግን ኑዛዜ የጻፈች፣ ሐኪም ቤት የተኛች፣ በሥርዓት የተቀበረች ባለሙያ ነው። እርሷ አልጠፋችም። በመጠጥ ቤትና በዕቃ ግቢ የተጣለው ሥራዋ እንጂ ሰውነቷ ከመዝገብ አልወጣም፤ የከፈተው አልነበረም እንጂ።

ሃሪየት ፓወርስ ደግሞ ሌላ ዓይነት ጉዳይ ናት። በ1837 በጆርጂያ፣ በአቴንስ ከተማ አቅራቢያ በባርነት ተወለደች። በ1886 በአካባቢው የጥጥ ትርኢት ላይ እራፊ ጨርቅ እየቆረጠች የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮችን የሰፋችበትን አንድ አልጋ ልብስ አቀረበች። ጄኒ ስሚዝ የተባለች የሥዕል መምህርት አይታ ልትገዛው ጠየቀች፤ ፓወርስ አልሸጥም አለች። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ችግር ሲጠና ራሷ ጭና አመጣችው። 10 ዶላር ብላ 5 ዶላር ተቀበለች። ከዚያም ልጇን ለማደጎ እንደ ሰጠች እናት አልጋ ልብሱን ለማየት ደጋግማ ትመላለስ ነበር። ዛሬ በዋሽንግተን በብሔራዊው የአሜሪካ ታሪክ ሙዚየም ነው፤ ሁለተኛው ሥራዋ በቦስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም ይገኛል።

የ1870 ቆጠራ ባሏን የእርሻ ሠራተኛ፣ እርሷን «የቤት አስተዳዳሪ» ብሎ መዝግቧል። በየቅጹ ላይ ለብዙ ሺህ ሴቶች የተጻፈ ቃል ነው። ከዚህ የተነሣ ብዙ ጸሐፍት ፓወርስን ማንበብ የማትችል፣ በየዋህነት የምትሰፋ፣ ከስብከት የሰማችውን በመርፌ የምትደግም ሴት አድርገው ሣሏት። በ2005 የመቃብር ድንጋይዋ በአቴንስ በአንድ የተረሳ የጥቁሮች መቃብር ቦታ ተገኘ፤ 1911 ይባል የነበረው የሞት ዓመቷም በድንጋዩ ላይ ጃንዋሪ 1 ቀን 1910 ሆኖ ተነበበ። በ2009 ካይራ ሂክስ ባሳተሙት መጽሐፍ ፓወርስ በ1896 የላከችው ደብዳቤ ግልባጭ መገኘቱን ገለጡ፤ ማንበብ ትችል እንደ ነበር፣ ከሁለቱ ሌላም ሥራዎች እንደ ነበሯት ታወቀ።

ይህ ለሒስ ትንሽ ነገር አይደለም። ሁለተኛው ሥራ 15 ክፍል አለው። ከኢዮብና ከዮናስ ታሪክ ጎን በ1780 ፀሐይ የጨለመበት ቀን፣ በ1833 ከዋክብት እንደ ዝናብ የወረዱበት ሌሊት፣ በ1895 ሰው የገደለ ብርድ ተሰፍተዋል። ከጆርጂያ ወደ ቨርጂኒያ 500 ማይል የሮጠች አንዲት አሳማም አለችበት። ሠሪዋ ማንበብ የማትችል ናት ብሎ ለተነሣ ሐያሲ ይህ የተደበላለቀ ወሬ ነው። አንባቢ መሆኗን ላወቀ ግን ምርጫ ነው፤ ቅዱስ ታሪክንና የአገሯን ዜና መዋዕል በአንድ ሸማ ላይ የምትጽፍ ሴት ሥራ ነው። ባሪያው በቆጠራ ቅጽ ላይ ቀን የለውም፤ እርሷ ከልደቷ በፊት የሆነውን ሳይቀር በቀኑ መዘገበች። በነገራችን ላይ የተቆረጡ ምስሎችን በጨርቅ ላይ የመስፋት ጥበቧ ከምዕራብ አፍሪካ ከዳሆሜ የፎን ሕዝብ ጥበብ ጋር ያለውን ተመሳሳይነት ሊቃውንት ከቆየ ጊዜ ጀምሮ አስተውለዋል። ወረቀት ያቋረጠውን ሐረግ እጅ ቀጥሎት ይሆናል። ይህን ግን በመመሳሰል እንጂ በሰነድ አናውቀውም፤ ልዩነቱ ሊዘነጋ አይገባም።

እስካሁን መዝገብን እንደ ታማኝ ምስክር አቅርቤዋለሁ። መዝገብም ይዋሻል። ለዚህ የአዴላ ሃንት ሎጋንን ያህል ግልጽ ምሳሌ የለም።

ሎጋን በ1863 በጆርጂያ ስፓርታ ተወለደች። የእናቷ ወገኖች ከርስ በርሱ ጦርነት በፊት ጀምሮ ነጻ የነበሩ ቅይጥ ሴቶች ናቸው፤ አባቷ ነጭ ነበር። በአላባማ በተስኪጊ ተቋም አስተማረች፤ የተቋሙን የገንዘብ ኃላፊ ዋረን ሎጋንን አገባች፤ ዘጠኝ ልጆች ወለደች። የምርጫ መብት ትግሏ የጀመረው በዚያ ተቋም ውስጥ ነው። የአሜሪካ ሴቶች የምርጫ መብት ብሔራዊ ማኅበር የዕድሜ ልክ አባል ሆነች። ማኅበሩ በደቡብ ግዛቶች ስብሰባ ሲያደርግ ጥቁር ሴቶችን አያስገባም። ሎጋን ግን መልኳ ከነጭ አይለይምና ገብታ ትቀመጥ ነበር። ሰምታና አይታ ትመለሳለች፤ የሰማችውን ለተስኪጊ ሴቶች ታስተምራለች። በ1912 «ክራይስስ» በተባለው መጽሔት ባወጣችው ጽሑፍ ክርክሯ ፍጹም ተግባራዊ ነበር፦ ሕንፃን፣ ጽዳትንና ምግብን የሚቆጣጠሩት ሹማምንት የሚሾሙት በፖለቲካ ከሆነ ቤት የምታስተዳድር ሴት ፖለቲካ አይመለከታትም ማለት ከንቱ ነው። ይህ ጽሑፍ ከወጣ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ ማርች 3 ቀን 1913፣ በዋሽንግተን ታላቅ የሴቶች ሰልፍ ሲደረግ ጋዜጠኛዋ አይዳ ዌልስ ከኋላ እንድትሰለፍ ታዘዘች፤ እምቢ ብላ ከኢሊኖይ ነጭ ሴቶች መካከል ገባች። ሁለቱ ሴቶች የገቡበትን በር ልብ ማለት ይገባል። አንዷ ጥቁርነቷን ይዛ ገባች፤ ሌላዋ ጥቁርነቷ ስላልታየ ገባች። በዚያ ስብሰባ ዝርዝር ላይ ሎጋንን የሚፈልግ መርማሪ የሚያገኘው አንዲት ነጭ እመቤት ነው።

ሎጋን በዲሴምበር 1915 ከተስኪጊ ሕንፃዎች ከአንዱ ላይ ራሷን ጥላ ሞተች። ሴቶች እንዲመርጡ የፈቀደው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ በ1920 ሲጸድቅ አልነበረችም። ብትኖርም በአላባማ የጥቁር ሴት ድምፅ በተግባር የተከበረው ከ1965 ሕግ በኋላ ነው።

ታሪኳን ያወጡት የልጇ ልጅ፣ የታሪክ ምሁርዋ አዴል ሎጋን አሌክሳንደር ናቸው። በ1991 ስለ ቤተሰቡ ነጻ ቅይጥ ሴቶች ጻፉ፤ በ2019 ደግሞ ስለ አያታቸው ራሷ ሙሉ መጽሐፍ አወጡ። በዚህ በሁለተኛው መጽሐፍ ሰነድ ባበቃበት ቦታ በቤተሰብ ትዝታና በምናብ ያልፋሉ። አንዳንድ ጥብቅ የታሪክ ሰዎች ይህን አይወዱም። በእኔ አስተያየት ግን መንገዳቸው ትክክል ነው፤ ምናቡን ምናብ ይሉታልና። መዝገቡ ነጭ ብሎ የጻፋትን፣ ማኅበሩ አባል ነሽ ብሎ አንደበቷን የዘጋባትን ሴት ከሰነድ ብቻ መጻፍ ውሸቱን መገልበጥ ይሆናል። ቅሬታዬ ሌላ ነው። የልጅ ልጅ እጅ ለአያት ይራራል፤ መሸሸጓ ለሌሎች ጥቁር ሴቶች ምን ዋጋ እንደ ነበረው ከዚህ የጠነከረ ጥያቄ ሊነሣበት ይገባ ነበር። የጸሐፊዋ ልጅ ገጣሚዋ ኤልዛቤት አሌክሳንደር መሆኗን ስንጨምር ሐረጉ ወዴት እንደ ደረሰ ይታያል፤ ጃንዋሪ 20 ቀን 2009 ባራክ ኦባማ ፕሬዚዳንት ሆኖ ቃለ መሐላ ሲፈጽም ግጥም ያነበበችው እርሷ ናት። ድምፅ መስጠት የተከለከለችው ሴት የልጅ ልጅ ልጅ ማለት ነው።

አሁን ወደ ሜታ ዋሪክ ፉለር ልምጣ፤ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ጉዳዩ ወደ ቤት የሚገባው በእርሷ በኩል ነው። ፉለር በ1877 ፊላዴልፊያ ተወለደች፤ ከ1899 ጀምሮ ፓሪስ ተማረች፤ ታላቁ ሮዳን ሥራዋን አይቶ አበረታታት። ላይቤሪያ የተወለደውን የአእምሮ ሐኪም ሰለሞን ካርተር ፉለርን በ1909 አገባች። በ1910 ፊላዴልፊያ በአንድ መጋዘን ያስቀመጠቻቸው ሥራዎች ተቃጠሉ፤ የዐሥራ ስድስት ዓመት ልፋት ነበር። በ1919፣ ነፍሰ ጡር ሳለች በ1918 ጆርጂያ ውስጥ በነጭ መንጋ ለተገደለችው ለሜሪ ተርነር መታሰቢያ ትንሽ ቅርፅ ሠራች። ከዚያም «ኢትዮጵያ» ወይም «የኢትዮጵያ መንቃት» የምትባለው ሥራዋ መጣች።

ይህች ቅርፅ ለብዙ ጊዜ የ1914 ናት ሲባል ቆይቷል። ሬኔ ኤተር የተባሉት ምሁር ሰነዶቹን መርምረው በ1921 ኒው ዮርክ ለተደረገ ኤግዚቢሽን፣ በደቦይዝና በጄምስ ዌልደን ጆንሰን ጥያቄ እንደ ተሠራች አረጋገጡ። የሰባት ዓመት ልዩነት ምንድን ነው ይባል ይሆናል። በ1914 ቢሆን ኖሮ ፉለር ከዘመኗ የቀደመች ብቸኛ ነቢይት ትሆናለች። በ1921 ግን ከጦርነቱ በኋላ፣ ከ1919 የደም በጋ በኋላ፣ ሴቶች የመምረጥ መብት ባገኙ በዓመቱ፣ ከሌሎች ታጋዮች ጋር ተመካክራ የሠራች የትግሉ አባል ናት። ነቢይነቱ ቀረባት፤ ጓዶች ግን አገኘች። እኔ ሁለተኛዋን እመርጣለሁ።

ቅርፅዋን የሚያይ ኢትዮጵያዊ መጀመሪያ ግር ይለዋል። ስሟ ኢትዮጵያ ሆኖ በራሷ ላይ የደፋችው የፈርዖኖች መጠምጠሚያ ነው። ከወገቧ በታች እንደ ግብፅ ሬሳ በተልባ እግር ጨርቅ ተጠቅልላለች። አክሱም የለም፣ ላሊበላ የለም፣ ጥልፍ የለም። ሥራውን በዚህ መንቀፍ ቀላል ነው፤ ግን የማን አገር እንደ ተሠራች መጠየቅ ይቀድማል። ጥቁር አሜሪካውያን «ኢትዮጵያ» ሲሉ በመዝሙረ ዳዊት፣ በእኛ አቆጣጠር በ67ኛው መዝሙር፣ እጆቿን ስለምትዘረጋው ምድር ነበር የሚናገሩት። ከ1896 የዓድዋ ድል በኋላ ስሙ የበለጠ ከበደ። የ1870 ግንብ የእናታቸውን ስም የከለከላቸው ሰዎች በአንድ ስም ለመላው ጥቁር ሕዝብ ሐረግ ቆጠሩ። ግብፅም፣ ኑቢያም፣ የእኛም ተራሮች በዚያ ስም ውስጥ ገቡ። መርማሪዎቹ ዛሬ በወረቀት የሚሠሩትን ፉለር በጀሶ ሠርታዋለች፤ ሰነድ ስላልነበራት በምሳሌ።

ከነሐስ የወጣው ቅጂ በኒው ዮርክ በሃርለም የሾምበርግ ማዕከል ስብስብ ውስጥ ይገኛል፤ ቁመቱ ከአንድ ሰው ቁመት ብዙ አይለይም። ከፊቱ የሚቆም ያገራችን ሰው መጠምጠሚያውን ይተወውና እጆቹን ይመልከት። አንደኛው እጅ ደረቷ ላይ ነው፤ የጨርቁን ጫፍ ይዟል። ጥቅሉን የጀመረችው ከላይ ነው፤ ትከሻዋ ዞሯል፣ አንገቷ ዞሯል፤ እግሮቿ አሁንም ታስረዋል።